ሽጉጥ እንዳትሸጡልኝ ብሎ መፈረም

አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ የካውንቲ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ይገባል። መታወቂያውን ያወጣል። «ነገ ተነገ ወዲያ ሽጉጥ ልግዛ ብዬ ብመጣ እንዳትሸጡልኝ» የሚል ቅጽ ላይ ይፈርምና ይወጣል። ማንም አላስገደደውም። ወንጀል አልሠራም፣ ዳኛ ፊትም አልቆመም። በገዛ እጁ በራሱ ላይ በር ዘግቶ ሄደ፣ አለቀ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ክፉ ቀን ሲመጣበት ራሱን እንዳያጠፋ የሚፈራ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ የሚፈቅድ ሕግ አለ። መጀመሪያ ያወጣችው ዋሽንግተን ስቴት ናት፣ በ2018። ቨርጂኒያ በ2020፣ ዩታ በ2021 ተከተሏት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስቴቶች ልብ በሉልኝ። ሲያትል ያለችው አንደኛዋ ውስጥ ነው፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ደግሞ ሁለተኛዋ ውስጥ። ሐበሻ ከሞላባቸው የአሜሪካ ከተሞች ዋና ዋናዎቹ ማለት ነው። እኔ ግን ስለዚህ ሕግ በአማርኛ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሬዲዮ ላይም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ይህን የምታነቡት ለወሬ ሳይሆን የራሳችሁ ጉዳይ ሆኖባችሁ ከሆነ፣ ጽሑፉ ይቆይ። አሜሪካ ያላችሁ የጭንቅ ጊዜ መርጃ ስልክ ወደሆነው 988 ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሳል፣ አስተርጓሚ ጠይቃችሁ ማውራት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለ ሰው ቀስቅሱ፣ ይነሳላችኋል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ሐሳቡን ያመነጨው ፍሬድሪክ ቫርስ የሚባል የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ባይፖላር (ስሜት እጅግ ከፍ ብሎ እጅግ የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለበት በአደባባይ የተናገረ ሰው ነው። ይሄ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ መሣሪያ የሚወጡ ሕጎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያረቅቋቸው ከውጭ ሆነው የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ በሽተኛው አደገኛ ነው፣ ይከልከል፣ ይያዝ፣ ይመዝገብ የሚል መንፈስ አላቸው። ይሄኛው ግን ክፉ ቀኑን ከውስጥ ከሚያውቅ ሰው የመጣ ነው፣ ስለዚህም ጥያቄው ሌላ ነው። ደህና በሆንኩበት ቀን፣ ደህና ለማልሆንበት ቀን ምን አድርጌ ልለፍ?

ሕጉን ብዙዎች «የዶና ሕግ» ይሉታል። ዶና የኒው ኦርሊንስ ሴት ነበረች። ባይፖላር እንዳለባት ታውቃለች፣ ሲብስባትም ራሷ ተነስታ ሆስፒታል ትገባ ነበር። በ2018 ሽጉጥ ገዛች፤ በዚያው ቀን ሕይወቷን አጠፋች። ልጇ ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየስቴቱ እንዲወጣ ስትከራከር ኖራለች።

ሻጩስ እንዴት ሸጠላት ትሉ ይሆናል። በሕግ ምንም የሚከለክለው ነገር አልነበረም። የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ በአእምሮ ሕመም ምክንያት መሣሪያ እንዳይገዙ የሚከለክለው በፍርድ የተወሰነባቸውን ወይም በግዳጅ፣ በሕግ አግባብ ሆስፒታል የገቡትን ነው። በፈቃዱ ገብቶ የታከመን ሰው አይነካም። ስለዚህ ባክግራውንድ ቼክ (ገዢው የተከለከለ ሰው መሆን አለመሆኑን በመንግሥት መዝገብ ማጣራት) ሲደረግ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነች ይላል።

ይሄን ሲሰሙ ብዙዎች «እንግዲያው በፈቃዱ የታከመም ይከልከላ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሐኪም ቤት ስትሄድ መብትህን የምትነጠቅ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት አትሄድም። ድሮውንም ለመሄድ የሚያመነታ ሰው ሌላ ሰበብ አገኘ ማለት ነው። እና ያቺ ክፍተት ክፍተት ሆና መቅረቷ ተገቢ ነው፤ መንግሥት ከውጭ ሊደፍናት ቢሞክር ጉዳቱ ይብሳል። ከውስጥ፣ በባለቤቱ እጅ ግን ልትደፈን ትችላለች። የዚህ ሕግ ብልሃቱ ያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ለመሞት የቆረጠን ሰው ምን ያግደዋል? ሽጉጥ ቢያጣ ሌላ ይፈልጋል» የሚል አስተሳሰብ ከሐበሻም ከፈረንጅም አፍ አይጠፋም። እውነት የሚመስለው የቆረጠ ሰው ስንል ለወራት አስቦበት፣ አቅዶ የተነሳ ሰው ስለሚታየን ነው። ሂውስተን ውስጥ ከሞት ለጥቂት የተረፉ ወጣቶችን አነጋግረው በ2001 የወጣ ጥናት አለ። ከወሰናችሁበት ሰዓት እስከ ሙከራው ስንት ጊዜ አለፈ ተብለው ሲጠየቁ ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ደቂቃ አይሞላም ብለዋል። አምስት ደቂቃ ቡና ለማፍላት አይበቃም። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለዓመታት የሚብሰለሰል አለ። ግን ማዕበሉ ለብዙ ሰው ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል።

በዚያ ሰዓት እጅ ላይ የሚገባው ነገር ለውጥ ያመጣል። በመሣሪያ ከተሞከረ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አይተርፉም። አብዛኛው ሌላ ሙከራ ግን ሰውን በሕይወት ይተዋል። ሞክረው ከተረፉት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በኋላም ራሳቸውን አያጠፉም። ይሄን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። «የዛሬን ብናድነው ነገ ያደርገዋል» የሚለው ንግግር ለአብዛኛው ሰው ውሸት ነው። የዛሬን የተረፈ ብዙውን ጊዜ ተረፈ።

አሜሪካ ውስጥ በ2023 ከ49 ሺህ በላይ ሰው ራሱን አጥፍቷል፤ ከ27 ሺህ በላዩ በመሣሪያ ነው። ዜና ላይ የምናየው የጅምላ ተኩስ ነው እንጂ፣ በአሜሪካ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ በራሱ እጅ የሞተ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ 26 ሚሊዮን ሰው ያካተተ ትልቅ ጥናት በ2020 ወጥቶ ነበር። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከሌላቸው ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ሴቶች ደግሞ ሰባት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። አደጋው ጣሪያ የሚነካው ሽጉጡ በተገዛ ማግስት ነው። የተወሰነ ሰው የሚገዛው ለዚያው ብሎ ነው ማለት ነው።

ይሄን የመሣሪያ ነጋዴዎችም ያውቁታል። በ2009 ኒው ሀምፕሸር ውስጥ አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ከአንድ ሱቅ ሽጉጥ ገዝተው በሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። የሱቁ ባለቤት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከጤና ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሻጮች የተጨነቀን ገዢ ከሁኔታው እንዲለዩ፣ ሲጠራጠሩም «ዛሬ አልሸጥልህም» እንዲሉ የሚያስተምር ዘመቻ ተጀመረ፤ በኋላም ወደ ሌሎች ስቴቶች ተዛመተ። ጥሩ ነው፣ ግን ሻጩ የሰው ፊት ማንበብ አለበት። ፊቱን መደበቅ የለመደ ሰው ደግሞ ያልፋል። የተጨነቀ ሐበሻማ ፊቱን በመደበቅ ማን ይበልጠዋል።

ሰው በፈቃዱ የሚገባበት መዝገብ ግን ፊት ማንበብ አይጠይቅም። ስሙ ሲገባ ኮምፒውተሩ አይሸጥም ይላል፣ በቃ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። መጠጥ ያስቸገረው ሰው ቄስ ፊት ቀርቦ ሲገዘት አይተናል። የሚገዘተው ሲሰክር አይደለም፤ ደህና በሆነበት፣ ልቡ በተመለሰበት ቀን ነው። የነገው ራሱ እንደማይታመን ስለሚያውቅ ቃሉን በሌላ እጅ ያስቀምጣል። አሜሪካኖችም ይሄንኑ በቁማር ጀምረውታል። ሚዙሪ በ1996 ቁማርተኞች «ካዚኖ እንዳታስገቡኝ» ብለው ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ዘረጋች፤ ዛሬ በብዙ ስቴቶች አለ። ለገንዘቡ እንዲህ ማድረግ ከተቻለ ለነፍሱ ለምን አይቻልም ነው ጥያቄው።

እስቲ የዋሽንግተኑን አሠራር ቀረብ ብለን እንየው። ምክንያቱም ይሄ ሕግ የሚወደደውም የሚታማውም በዝርዝሩ ነው።

የየትኛውም ካውንቲ ፍርድ ቤት ክለርክ ጋ መሄድ ይቻላል፣ የግድ የምትኖሩበት መሆን የለበትም። ክለርኩ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠይቃል፤ ይሄ ሌላ ሰው በተንኮል ስማችሁን እንዳያስገባ ነው። ቅጹ ላይ ትፈርማላችሁ። ክለርኩ የሥራ ቀኑ ሳያልቅ ለዋሽንግተን ስቴት ፓትሮል (ለስቴቱ ፖሊስ) ይልከዋል፣ እነሱም በ24 ሰዓት ውስጥ ኤፍቢአይ በሚያስተዳድረው የባክግራውንድ ቼክ ቋት ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ በኋላ ሱቅ ብትሄዱ አይሸጥላችሁም። ዋሽንግተን ከ2014 ጀምሮ ከግለሰብ ሲገዛም ባክግራውንድ ቼክ እንዲደረግ ስለምታስገድድ ያኛውም በር በሕግ ዝግ ነው።

መውጣት ስትፈልጉስ? መጀመሪያ ከፈረማችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን ማለፍ አለበት። ከዚያ እዚያው የፈረማችሁበት ካውንቲ ሄዳችሁ መሻሪያ ታስገባላችሁ። ስቴት ፓትሮል በሰባት ቀን ውስጥ ስማችሁን ያወጣል፣ መዝገቡንም ያጠፋል። እንደገና ምንም እንዳልተፈጠረ ትሆናላችሁ። ቨርጂኒያ ላይ ነገሩን የያዘው የስቴት ፖሊስ ነው፤ ልውጣ ካላችሁበት እስከምትወጡበት 21 ቀን ይፈጃል። ዩታ ደግሞ ለ180 ቀን ወይስ ላልተወሰነ ጊዜ ብላ ታስመርጣለች።

እኔን ብትጠይቁኝ የቨርጂኒያው 21 ቀን ይሻላል። ለአምስት ደቂቃው ማዕበል ሰባት ቀን እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ከባድ ድብርት የያዘው ሰው ግን ሳምንት ጠብቆም ያው ጨለማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሳምንት ለመድኃኒት፣ ለሐኪም፣ ለዘመድ ጊዜ ይሰጣል። በሌላ በኩል ቀኑ በረዘመ ቁጥር የሚፈርመው ሰው እንደሚያንስ ይገባኛል፤ መውጫው የራቀ ቤት ማን ይገባል። ሁለቱን ማስማማት ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ዋሽንግተን ቅጽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ከፈለጋችሁ የአንድ ሰው ስምና አድራሻ ትሞላላችሁ። ልውጣ ብላችሁ መሻሪያ ያስገባችሁ ቀን ለዚያ ሰው ማሳወቂያ ይደርሰዋል። እህት፣ የልጅነት ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የመከልከል ሥልጣን የለውም፣ ደውሎ «ምነው፣ ደህና ነህ?» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ደግሞ ያ ስልክ ነው። መንግሥት ሳይሆን ዘመድ እንዲያውቅ የሚያደርግ ሕግ በአሜሪካ ብዙ አይታይም።

ምስጢርነቱም ተጠብቋል። በዋሽንግተኑ ሕግ መዝገቡ ለሕዝብ አይወጣም። መፈረማችሁ ወይም መሻራችሁ በምንም የፍርድ ቤት ክርክር ላይ ከግምት አይገባም፤ የፍቺም ሆነ የልጅ ማሳደግ ጉዳይ ላይ አይመዘዝባችሁም ማለት ነው። አሠሪም ሆነ አገልግሎት ሰጪ «ካልፈረምክ አላስገባህም» ማለት አይችልም። የአእምሮ ሕመም እንዲኖርባችሁም ግድ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው መፈረም ይችላል።

እንዲህ የተጣራ ነገር ከሆነ ስንቱ ፈረመ? በጣም ጥቂት። ዓመታት አልፈውት እንኳ የፈረመው ሰው ከስቴቶቹ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ተቃዋሚዎች ይሄን ይዘው «ማንም አይፈልገውም» ይላሉ።

ማንም አይፈልገውም ማለት ግን ልክ አይደለም። ቫርስና ባልደረቦቹ አላባማ ውስጥ 200 የአእምሮ ሕክምና ታካሚዎችን «እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ትገባላችሁ?» ብለው ጠይቀው ነበር። 46 በመቶው አዎ አሉ። አላባማ መሣሪያ እንደ ቤት ዕቃ የሚታይበት አገር ነው፣ እዚያ ግማሹ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሚያውቀው፣ የሚጠይቀው፣ ቅጹን እጁ ላይ የሚያኖርለት ሰው ሲያገኝ ታካሚው ፈቃደኛ ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ግን ብዙዎቹ ሕጉ መኖሩን አያውቁም።

በዚያ ላይ በአካል የሚኬድበትን መንገድ እዩት። ከአልጋው መነሳት ያቃተውን ሰው፣ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ፓርኪንግ ፈልጎ፣ ፍተሻ አልፎ፣ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ መስኮት ጋ ተሰልፎ፣ ለማያውቀው ሠራተኛ «ራሴን እፈራለሁ» የሚል ዓይነት ቅጽ እንዲሰጥ እየጠየቅነው ነው። ፍርድ ቤት ሲባል ሰው የሚታየው የትራፊክ ቅጣትና ፍቺ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ በሩን የተከሉት ሰው በማያልፍበት ነው። ሽጉጥ ለመግዛት አንድ ቅጽ ሞልተህ በዚያው ቀን ይዘህ የምትወጣባቸው ብዙ ስቴቶች ባሉበት አገር፣ ላለመግዛት የሚደረገው ነገር ይሄን ያህል ሊያስቸግር አይገባም።

መቃወሚያዎቹን በአጭሩ ልንካቸው። የመጀመሪያው፣ «ዛሬ የመሣሪያ ስም ዝርዝር ጀመሩ፣ ነገ ሁላችንንም ይመዘግባሉ» የሚለው ነው። ይሄ መዝገብ መሣሪያ ያለውን አይመዘግብም፣ አልፈልግም ያለውን ነው። ሲወጣም መዝገቡ ይጠፋል። ዩታ ወግ አጥባቂ፣ መሣሪያ ወዳድ ስቴት ሆና ያጸደቀችው ለዚህ ይመስለኛል፤ መብቱ የእኔ ከሆነ ለጊዜው ማስቀመጡም የእኔ ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል። «የዛሬው እኔ የነገውን እኔ የማሰር ምን ሥልጣን አለው?» የሚል ነው። በእርግጥ የነገው ሰውዬም ሰው ነው፣ ሐሳቡን የመቀየር መብት አለው። መልሱ ያው ቀኑ ነው። ሕጉ እስከ ወዲያኛው አያስርም። ነገ ሐሳብህን ከቀየርክ ትንሽ ቆይ ነው የሚልህ፤ ሰባት ቀን፣ 21 ቀን። የጸና ሐሳብ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል።

ይሄን ከ«ሬድ ፍላግ» ሕግ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። በዚያኛው ቤተሰብ ወይም ፖሊስ ፍርድ ቤት ሄዶ «እከሌ አደገኛ ሆኗል» ይላል፣ ዳኛው ሲፈቅድ መሣሪያው ይወሰዳል። አንዳንዴ ያስፈልጋል። ግን ሚስት በባሏ ላይ፣ ልጅ በአባቱ ላይ ፍርድ ቤት መቆም ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አይገባም። የፈቃዱ መዝገብ ማንንም ከሳሽ አያደርግም።

ጉድለቱን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ይሄ መዝገብ ግዢን ነው የሚዘጋው። ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠውን ሽጉጥ ማንም ቤት ገብቶ አይወስድላችሁም። ያ የካሊፎርኒያ ጥናት እንዲህም ይላል፦ ሽጉጥ ኖሯቸው በመሣሪያ ራሳቸውን ካጠፉት ሰዎች ከግማሽ በላዮቹ የሞቱት ከገዙት አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ለእነሱ ሱቁን መዝጋት ዋጋ የለውም።

ቤት ላለው መሣሪያ መፍትሔው ሌላ ነው፣ ለጊዜው ከቤት ማውጣት። እዚህ ላይ የእስራኤሉን ማየት ጥሩ ነው። የእስራኤል ወታደሮች፣ አብዛኞቹ ገና ልጆች፣ ቅዳሜን ቤተሰብ ጋ ለማሳለፍ ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። በ2006 ሠራዊቱ መሣሪያው ካምፕ ይቅር አለ። ያው ወታደር፣ ያው ጭንቀት ነው። በወታደሮቹ መካከል ራስን የማጥፋት መጠን በ40 በመቶ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በዋናነት የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ሌላ ቀን አልተሸጋገረም፣ በሥራ ቀኖቹ ላይ ጭማሪ አልታየም። «ሌላ ይፈልጋል» ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ከቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጅ ሠራዊት ውስጥ አላቸውና፣ ይሄ ነገር ለእነሱ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ዩታም ቤተሰብ የተጨነቀበትን ሰው መሣሪያ በፈቃዱ ለፖሊስ በአደራ አስቀምጦ ቆይቶ የሚወስድበት መንገድ አላት። አደራ እኛ የምናውቀው ነገር ነው። «ሽጉጥህን እስክትረጋጋ እኔ ጋ ላስቀምጥልህ» ማለት ያስቸግራል፣ የሰው ነገር ውስጥ መግባት ይመስላል፣ ሰውየውም «አበድክ እያልከኝ ነው?» ሊል ይችላል። ቢሆንም መባል አለበት። (ከመቀበላችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ አጣሩ፤ ለጥቂት ቀንም ቢሆን መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ማዛወር ደንብ ያለበት ቦታ አለ።)

እዚህ አገር ያለው ሐበሻ ሽጉጥ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ብሎ ነው። ሊከር ስቶር አለው፣ ጋዝ ስቴሽን ሌሊት ይሠራል፣ አንዴ ተዘርፏል፣ ጓደኛው «ባዶ እጅህን አትቀመጥ» አለው። ግሪን ካርድ ያለው በሕግ መግዛት ይችላል። እና ካሽ ሬጅስተሩ ሥር አንድ ነገር ይኖራል። ለሌባ ተብሎ የተገዛው ነገር ግን ሌባ በሌለበትም ሌሊት እዚያው ነው። ሁለት ሽፍት ሠርቶ፣ ከቤተሰብ ርቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ አገር ቤት ያለው ዜና እያባነነው፣ ወይ ትዳሩ ፈርሶ፣ ለማንም ሳይናገር የሚኖር ሰው ስንት አለ። አይናገርም። ቢናገር «ጸበል ግባ» ይባላል፣ ወይ ደግሞ «ኧረ ተመስገን በል፣ አሜሪካ እየኖርክ» ይባላል። ራሱን ያጠፋ ሲገኝም ለቅሶው ላይ «በድንገት» ተብሎ ይታለፋል፤ ፍትሐት ይከለከላል ተብሎ ይፈራል፣ የቤተሰቡ ስም ይነሳል ተብሎ ይፈራል። እኔ ጸበሉን አልነቅፍም፣ ብዙ ሰው ጽናት ያገኝበታል። ግን ጸበሉም፣ መድኃኒቱም፣ የተዘጋው ሱቅም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላም ፍርሃት አለ፣ የወረቀት ፍርሃት። «መንግሥት ጋ ስሜ ከገባ ሲቲዝንሺፔ ላይ ይመጣብኛል» የሚል። ሐበሻ ከቢሮ ወረቀት የሚሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ከየት እንደመጣን እናውቃለን። ስለዚህ ያለኝ ምክር ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ ነው፤ ጥርጣሬ ይዞ ከመቅረት ይሻላል።

መፈረም ለማን ይጠቅማል ካላችሁ፣ በተለይ ለሚያውቅ ሰው። ሕመሙ ሄዶ እንደሚመጣ ለሚያውቅ፣ ባይፖላር ላለበት፣ ከድብርት ወጥቶ መመለሱን ለሚፈራ፣ አንዴ ሞክሮ ለተረፈ፣ መጠጡን ሲያቆም ሌላ ሐሳብ ለሚመጣበት፣ ቤቱ ሽጉጥ ለሌለውና እንዲኖረውም ለማይፈልግ። ሽጉጥ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ያለውን ያስወጣ፣ ከዚያ ይፈርም፤ ያኔ ሁለቱም በር ይዘጋል።

ስቴቶቹ ሊያደርጉት የሚገባው ነገርም ግልጽ ነው። ቅጹ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጋ ብቻ አይቀመጥ። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲወጣ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር አብሮ ይቅረብለት፣ ሐኪሙም «ይሄ የሚባል ነገር አለ፣ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቀው። በየትኛውም ስቴት ከስልክ ላይ መሙላት ይቻል፤ ማንነት ማረጋገጥ ለባንክ ከተቻለ ለዚህም ይቻላል። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲና ፌርፋክስ የክትባትና የምርጫ ወረቀት በስንት ቋንቋ ያትማሉ፤ ይሄም በአማርኛ ይታተም። ዘላቂው ነገር ደግሞ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በአንዱ ስቴት የፈረመ ሰው ሌላው ጋም እንዲጸናለት። ረቂቁ ኮንግረስ ገብቶ ያውቃል፣ እስካሁን ግን ሕግ አልሆነም።

እስከዚያው ዋሽንግተን ያላችሁ ቅጹን የካውንቲያችሁ ክለርክ ጋ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ስቴት ፖሊስ ጋ ጠይቁ። የሚያስፈልገው መታወቂያ ነው። የመገናኛ ሰው የምትሞላው መስመር ላይ ስሙን የምትጽፉት ሰው ግን ቀድሞ ይወቅ፤ ማሳወቂያው ሲደርሰው ምን እንደሆነ ገብቶት ወዲያው እንዲደውል።